የኮሌስትሮል ኪኒን እና የሯጭ ጭን

ቀጭን ከሆንክና ከሮጥክ ኮሌስትሮል አይነካህም የሚል እምነት እኛ ዘንድ ሥር ሰዷል። እኛ ስል ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃ የምንወጣውን፣ እሁድ እሁድ እንጦጦ ላይ የምንሮጠውን ማለቴ ነው። "ቦርጭ የለህ፣ ምን ኮሌስትሮል ይኖርሃል?" ይሉሃል። በፍቅር ነው የሚሉት። ግን ትክክል አይደለም፣ ሰውም ያሳጣል።

ጂም ፊክስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1977 ስለ ሩጫ ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ የአገሩን ሰው ከቤት አስወጥቶ አስሩጧል። እሱ ራሱ ሩጫ ሲጀምር ወፍራምና ከባድ አጫሽ ነበር። ሲጋራውን ተወ፣ ክብደቱን ቀነሰ፣ ማራቶን ሮጠ። በ1984 ቬርሞንት ውስጥ እየሮጠ ሳለ ወድቆ ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ደም ስሮች ጠበው ተገኙ። አባቱም ገና በ35 ዓመቱ ልቡን ታሞ በ43 ነው የሞተው። ሩጫው ዕድሜ ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም ብዬ አምናለሁ። ከአባቱ የወረሰውን ግን ሊሰርዝለት አልቻለም።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለእኔም ቅርብ ስለሆነ ነው። በአባቴ ወገን የልብ ሕመም አለ። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው፣ ኤልዲኤል፣ እኔ ላይ ከ190 ሚሊግራም በላይ ነበር። ዐቢይ ጾም ላይ ስመረመር ወረድ ይላል፤ ፋሲካ አልፎ ቅቤውና ሥጋው ሲመለስ እሱም ይመለሳል። በጾሙም ቢሆን ወደ ጤናማው ልክ ደርሶ አያውቅም። 190 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምግብና ስፖርት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ሐኪሞችም ነገሩ ከዘር የመጣ ይሆን ብለው የሚጠረጥሩት እዚህ ላይ ነው። ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ኪኒኖች አንዱ፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ ታዘዘልኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭኖቼ ከበዱ። ሕመሙ እንደ ጉዳት አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ አይደለም። ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ባት፣ በእኩል፣ የዛለ ነገር። ዳገት ላይ እግሬ አልታዘዝ አለ። ከረጅም ሩጫ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ይለቀኝ የነበረው ድካም ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ሰነበተ። ዕድሜ ነው? ልምምድ በዝቶ ነው? እንቅልፍ ነው? ሯጭ የሆነ ሰው እግሩ ሲታመም መቶ ምክንያት ያገኛል፤ ስታቲንን ከሌላው መለየት ለእኛ የሚከብደው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያማከርኩት ሐኪም መልሱ አጭር ነበር። "ሩጫውን ተወው።" ስንት እንደምሮጥ፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ መቼ እንደጀመረኝ አልጠየቀኝም። ጓደኞቼ ደግሞ "ኪኒኑን ተወው" አሉኝ፤ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ጥቁር አዝሙድ ታዘዘልኝ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፣ እኔም እጠጣዋለሁ። ግን 190ን ወደሚፈለገው ልክ አያወርድም። አንዱ ወገን ሩጫዬን ሊወስድብኝ፣ ሌላው መድኃኒቴን ሊወስድብኝ፤ ሁለቱም ግን የእግሬን ሕመም አልመረመሩትም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ያገባኛል ያለ ዶክተርና ብዙ ማንበብ ነው፣ እዚህ የምጽፈውም ከዚያ የተማርኩትን ነው።

ስታቲኖች የመጡት ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ፈንገሶችን ሲፈትሹ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አገኙ። የመጀመሪያው ለሽያጭ የተፈቀደው ስታቲን፣ ሎቫስታቲን፣ በ1987 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጉበት ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ መድኃኒቱ ያንን ሥራ ሲያግድበት ጉበት የጎደለውን ለመሙላት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ እየለቀመ ይወስዳል። ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም ገደማ በወረደ ቁጥር የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ በአምስት አንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ታይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የታገደው መስመር ከኮሌስትሮል ሌላም ነገር ማምረቱ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ኮኤንዛይም ኪው 10 ነው፣ የጡንቻ ሕዋሳት ኃይል ለማመንጨት የሚጠቀሙበት። ጡንቻው ለምን እንደሚታመም ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ኪው 10 በማሟያ መልክ መውሰድ ሕመሙን ያስታግሳል ወይ ለሚለው ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ አልተስማሙም፤ እኔ ገንዘቤን አላወጣሁበትም።

አሁን ወደ አትሌቶች ልምጣ። በ2004 ከኦስትሪያ የወጣ አንድ ጥናት በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለባቸውን 22 ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች ለዓመታት ተከታትሏል። የተለያዩ ስታቲኖች እየተቀያየሩ ተሰጧቸው። በመጨረሻ ቢያንስ አንዱን ችለው መውሰድ የቀጠሉት 6 ብቻ ናቸው። የቀሩት በጡንቻ ችግር ምክንያት ተዉት። 22 ሰው ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ማወዳደሪያ የሚሆን፣ መድኃኒት የሌለበት የውሸት ኪኒን የወሰደ ቡድንም አልነበረውም። ቢሆንም ሰውነቱን እስከ ጥግ የሚያሠራ ሰው እንደ ማንኛውም ታካሚ እንዳልሆነ ያሳያል ብዬ ነው የማነበው። ፈረንሳይ ውስጥ ከፍ ያለ መጠን የሚወስዱ ወደ 8 ሺህ ገደማ ሰዎች ሲጠየቁም 10.5 በመቶው የጡንቻ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ብዙዎቹ ሕመሙን ይቀሰቅስብናል ያሉት ያልለመዱትን ከባድ እንቅስቃሴ ነው።

እንጦጦ ለሚሮጥ ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቁልቁለቱ ጥናት ነው። በ1997 ተመራማሪዎች ጤነኛ ወንዶችን ለጥቂት ሳምንታት ለገሚሶቹ ሎቫስታቲን ለገሚሶቹ የውሸት ኪኒን ሰጥተው ቁልቁል በተዘቀዘቀ ትሬድሚል ላይ አስኬዷቸው። በማግስቱ መድኃኒቱን በወሰዱት ደም ውስጥ ከተጎዳ ጡንቻ የሚፈሰው ኢንዛይም በጣም በልጦ ተገኘ። ቁልቁለት ላይ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፣ የሚሰነጣጠቀውም ያኔ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ጭን የሚጎዳው ግን መውረዱ ነው። እኔም ሕመሙ የሚብስብኝ ከእንጦጦ በሮጥኩ ማግስት ነበር። ቦስተን ማራቶን ላይም በ2011 ስታቲን የሚወስዱና የማይወስዱ ሯጮች ደም ተወስዶ ሲወዳደር ውጤቱ ከቁልቁለቱ ጥናት ጋር አንድ ነው፤ ከውድድሩ በኋላ የወሳጆቹ ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኘ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት።

በሌላ በኩል ያለውን ማስረጃም መደበቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም በጣም ጠንካራ ነው። በእንግሊዝ አገር በ2020 የወጣው የሳምሶን ጥናት 60 ሰዎች ላይ ተሠርቷል፤ ሁሉም ከዚህ በፊት በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ ናቸው። አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር የውሸት ኪኒን፣ አንድ ወር ምንም፣ እየተፈራረቀ ለአንድ ዓመት ሰጧቸው፤ ኪኒን ባለባቸው ወራት ደግሞ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ የውሸቱን ኪኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ያመማቸው በእውነት ነው። ግን አብዛኛውን ያመጣው መድኃኒቱ ሳይሆን "ይህ ኪኒን ጡንቻ ያማል" የሚለው ሥጋት ነው። ከዚያም በ2022 የብዙ ትልልቅ ጥናቶች መረጃ ተደምሮ ሲታይ ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ከሚናገሩት የጡንቻ ሕመም ከ90 በመቶ በላዩ በመድኃኒቱ የመጣ አልነበረም። ከፍተኛውን መጠን፣ 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፣ ለስድስት ወር በወሰዱ ጤነኛ ሰዎችም የጡንቻ ጉልበት አልቀነሰም፤ የጡንቻ ሕመም ግን 9.4 በመቶው ላይ ታየ፣ የውሸት ኪኒን በወሰዱት ደግሞ 4.6 በመቶው ላይ።

እኔ ሁለቱንም አብሬ እይዛለሁ። ለአብዛኛው ሰው ሕመሙ ከመድኃኒቱ አይደለም። በትልልቆቹ ጥናቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ሯጭ ናቸው ተብለው የተመረጡ አይደሉም፣ በሳምንት ስድስት ቀን ጡንቻቸውን የሚፈትኑም አይደሉም። በልኩ የሚንቀሳቀስ ሰው መፍራት የለበትም፤ ኔዘርላንድ ኒሜኸን ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የአራት ቀን የእግር ጉዞ ላይ በቀን 30፣ 40፣ 50 ኪሎሜትር የተጓዙ ስታቲን ወሳጆች ከማይወስዱት የበለጠ የጡንቻ ጉዳት አልታየባቸውም፣ ከዚያ በፊት ጡንቻችንን ያመናል ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ። ስለዚህ "ሩጫውን ተወው" የሚለው ምክር ከማስረጃው ጋር አይሄድም። የሚሻለው ጥያቄ ለዚህ ሰው፣ በዚህ ልምምድ፣ የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን የሚለው ነው።

በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ሯጭ የደም ምርመራ ሲያደርግ ላቦራቶሪው ሊያሳስት ይችላል። ሲኬ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ክሬአቲን ካይኔዝ፣ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰው። ስታቲን ጡንቻህን ጎድቶት እንደሆነ ለማየት የሚታዘዘው እሱ ነው። ነገር ግን ምንም መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው ማራቶን ሮጦ በማግስቱ ቢመረመር ሲኬው ከመደበኛው ልክ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። እሁድ 25 ኪሎሜትር ሮጠህ ሰኞ ጠዋት ደም ከሰጠህ የሚያስደነግጥ ቁጥር ይዘህ ትወጣለህ፣ ከዚያ ወይ ኪኒኑ ይቆማል ወይ ሩጫው ይታገዳል፣ ያለ ጥፋቱ።

የጉበቱ ምርመራም እንደዚሁ ነው፣ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጉበት ኢንዛይም የምንላቸው፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ፣ ጡንቻ ውስጥም አሉ። ከባድ ልምምድ በኋላ እነሱም ይወጣሉ። "መድኃኒቱ ጉበትህን ነክቶታል" የተባለ ሯጭ ጉበቱ ምንም ሳይሆን ጡንቻው ብቻ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ጂጂቲ የሚባል ሌላ የጉበት ምርመራ አለ፣ ጡንቻ ስለማይነካው ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። እኔን የረዳኝ ዶክተር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፦ ለአንድ ሳምንት ያህል ከባድ ልምምድ አቁሜ ከዚያ ደም እንድሰጥ አዘዘኝ። ብዙ ግራ መጋባት የጠፋው በዚያች ትእዛዝ ነው። ስታቲን ከመጀመራችሁ በፊት አርፋችሁ አንድ ጊዜ ሲኬ ብትለኩ ደግሞ በኋላ ማወዳደሪያ ይኖራችኋል።

ታይሮይድም አስመረመረኝ። የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ኮሌስትሮል ይወጣል፣ ጡንቻም ያማል። ማለትም ስታቲን እንድትጀምር ያደረገህም፣ ስታቲን ያመጣው የመሰለህ ሕመምም ከአንድ ሌላ በሽታ ሊመጡ ይችላሉ። አዮዲን ባነሰበትና እንቅርት በበዛበት ደጋ አገራችን ይህ ምርመራ የሚታለፍ አይደለም። የእኔ ደህና ነበር።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት ግን ከሁሉ ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ነው ብዬ አስባለሁ፣ እኛ ጋ በጣም ቅርብ ነውና። ጨጓራ የማያመው ሰው ማን አለ? ኤች ፓይሎሪ ተገኘብህ ሲባል ከሚታዘዙት አንቲባዮቲኮች አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ መድኃኒት ሲምቫስታቲን በጉበት ተሰባብሮ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ ስታቲኑ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ጡንቻን የመጉዳት አቅሙም በብዙ ይጨምራል። ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። አቶርቫስታቲንም በተወሰነ ደረጃ ይነካል። የጨጓራ ሕክምና የሚወስድ ሰው ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም "የኮሌስትሮል ኪኒን እወስዳለሁ" ማለት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታቲኑ ለእነዚያ ቀናት ይቆምና በኋላ ይቀጥላል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊግራም እንዲበልጥ አይመከርም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን የኮሌስትሮል ኪኒን ያለ ሐኪም የሚውጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ እባካችሁ፣ ስሙንና መጠኑን አንብባችሁ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ አንድ ሰው አማክሩ።

አደገኛው ነገር ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ጡንቻ በብዛት ይፈርስና ፍርስራሹ ኩላሊትን ይዘጋል። በስታቲን ምክንያት እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚከሰተው፣ ግን ይከሰታል። ሴሪቫስታቲን የሚባል የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት በ2001 ከገበያ የወጣው በዚህ የተነሳ ሰው ስለሞተ ነው። ምልክቱን እያንዳንዱ ሯጭ ይወቀው፦ ከተለመደው የባሰ የጡንቻ ሕመምና ድክመት፣ እብጠት፣ ሽንት እንደ ኮካ ጠቁሮ መምጣት። ሽንት ከጠቆረ ነገ ይሻለኛል ተብሎ አይታደርም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ ውሃ ጠምቶን እያለ ዳይክሎፊናክ የመዋጥና የመወጋት ልማዳችን ደግሞ ኩላሊቱን ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ስታቲን ለማይወስደውም።

ወደ እኔ ልመለስ። አርፌ ስመረመር ሲኬው ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፣ የሚያስፈራ ግን አልነበረም። ዶክተሩ መድኃኒቱን ለጥቂት ሳምንታት አስቆመኝ፤ ልምምዴን ግን እንዳልቀይር ነገረኝ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም ብሎ። ጭኔ ቀስ በቀስ ቀለለ። ከዚያ በሮሱቫስታቲን 5 ሚሊግራም ጀመርን፣ ላዩ ላይ ኢዜቲማይብ ተጨመረ። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚወርደው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው ትንሽ መጠን ነው። ኢዜቲማይብ ደግሞ አንጀት ላይ ነው የሚሠራው፤ ከ18 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ እንደ ስታቲን ጡንቻ አያስቸግርም። ሁለቱ በትንሽ በትንሹ ተደጋግፈው አንዱ በትልቅ መጠን ይሠራ የነበረውን ሠሩልኝ። ሮሱቫስታቲን በደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በየቀኑ ለማይችሉት አንድ ቀን እየዘለሉ የሚሰጥበት ጊዜም አለ።

በመጀመሪያው ኪኒን የተሰማኝ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሥጋቴ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ለውሳኔዬ ግን ልዩነት አላመጣም፤ አሁን ኤልዲኤሌም ወርዷል፣ ዳገቱንም እወጣለሁ።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን አማራጩ ሰፊ ነው። ቤምፔዶይክ አሲድ የሚባል ኪኒን በ2020 ተፈቅዷል፤ ጉበት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው ሥራ የሚጀምረው፣ የሚያስነሳው ኢንዛይም ጡንቻ ውስጥ የለም። ስታቲን አልስማማ ባላቸው ወደ 14 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ ተፈትኖ የልብ አደጋን 13 በመቶ መቀነሱ በ2023 ታውቋል። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በወር የሚወጉ መርፌዎችም አሉ፣ ኤቮሎኩማብና አሊሮኩማብ፣ ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያ በላይ የሚያወርዱ። ዋጋቸው ከባድ ነው። ለሚወዳደሩት ደግሞ፦ ስታቲን በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የተከለከለ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ከእኛ ቡድን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ስድሳዎቹን አልፈዋል፣ ታላቁ ሩጫ አያመልጣቸውም። በቀደም ሰውነታችንን ስናፍታታ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ የኮሌስትሮሉን ኪኒን እየወሰዱ ነው?"

"ተውኩት ልጄ። እግሬን ያዘኝ። ለሐኪሙም አልነገርኩም፣ ሩጫውን ተው ይለኛል ብዬ።"

እንዳይነግሩ ያደረጋቸው ፍርሃት ነው። ሩጫውን ይወስዱብኛል ብሎ የፈራ ሰው ኪኒኑን በዝምታ ይተዋል፣ ሐኪሙ ደግሞ እየወሰደ ነው ብሎ ያምናል። ስኳር ላለበት የስድሳ ዓመት ሰው ይህ ዝምታ ከጭን ሕመሙ በጣም የከፋ ነው። ስታቲን የሚያዝዝ ሐኪም ሁሉ "ስፖርት ትሠራለህ? ምን ያህል?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እኛም ሳንጠየቅ ብንናገር፣ ስንት ሰው ይተርፋል።

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፍንላቸው፦ በሳምንት የሚሮጡትን፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያማቸው፣ የስኳሩንና የግፊቱን መድኃኒት፣ በቅርቡ የወሰዱትን የጨጓራ ሕክምና ጭምር። እሁድ ረጅም ሩጫ የለም ብለናቸዋል፣ ሳምንቱን በእግር ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ቀጠሯቸው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ ልጃቸው አብራቸው ትሄዳለች።